ጦር የሚያዘምተው ካሜራ ነው ወይስ መንግሥት? (ከአሞራ ገደል የመጣ ክርክር)

የታቦር ልጅ (ማታ 2፡15)

ሰላም ነው የሐዋሳ ልጆች? ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሳ ልንበላ ሄደን የተነሳ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። እዚህ ላምጣውና ተፋለሙበት ብዬ ነው።

ሾርባችንን እየጠበቅን ቴሌቪዥኑ ላይ የሆነ አገር ጦርነት ይታያል። ድምፁ ተዘግቷል። ሕፃን የታቀፈች ሴት ትሮጣለች፣ ከኋላዋ ጭስ። አጠገባችን የነበረ አንድ የማናውቀው ሰውዬ ማንኪያውን አስቀመጠና «ይሄ ነገር ሳምንት ከታየ ሰላም አስከባሪ ይገባል» አለ። ጓደኛዬ አላስቻለውም። «ጋሼ፣ መንግሥት የሚመራው በጥቅም እንጂ በቴሌቪዥን አይደለም» አለው። በቃ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።

እኔ ከሰውዬው ጋር ነኝ። ሶማሊያን አስታውሱ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1992 የተራቡ ሶማሌዎች ከቴሌቪዥን አይጠፉም ነበር። ዲሴምበር 9 ሌሊት የአሜሪካ ማሪኖች ሞቃዲሾ ዳርቻ ሲወርዱ የተቀበላቸው ማነው? ጋዜጠኛ! ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው በጨለማ ከባሕር ሲወጡ የካሜራ መብራት ዓይናቸው ላይ በራ። በዓመቱ ኦክቶበር 3 እዚያው ከተማ በተደረገው ውጊያ 18 አሜሪካውያን ሞቱ። የአንዱ ሬሳ መንገድ ላይ ሲጎተት ፎቶ ተነሳ፣ ዓለም አየው። ክሊንተን ኦክቶበር 7 ወጥቶ እስከ ማርች 31 ጠቅልለን እንወጣለን አለ።

ምስል አስገባቸው፣ ምስል አስወጣቸው። እስቲ ተቃወሙኝ።

ቆሮሶ (2፡21)

መጀመሪያ ሾርባውን ጨረስከው ወይ? እሱን ንገረን።

የታቦር ልጅ (2፡22)

ጨረስኩት። ቀዝቅዞም ይበላል።

ሬዲዮኛው (2፡58)

«ካሜራ አስገባቸው» የሚለውን ነገር የሙያ ጓደኞቼም ይወዱታል። ለምን አይወዱት? እኛን ትልቅ ያደርገናላ። እኔ ግን እዚሁ ከተማ ኤፍኤም ላይ ዓመታት ስለሠራሁ ዜና እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዜና ወኪሎች የመጣው ተከምሮ ይጠብቀናል። ለውጭ ዜና ያለን ሦስት ደቂቃ ነው። ሃያ አገር ሲቃጠል ቢያድርም ያው ሦስት ደቂቃ ነው። ታዲያ የትኛው ያልፋል? ድምፅ ያለው። አንድ ፕሬዚዳንት ወይ ሚኒስትር የተናገረበት ዜና ቅድሚያ ያገኛል። ድምፅ የሌለው ረሃብ «ለነገ ይቆይ» ይባላል። ነገ ደግሞ ሌላ ሚኒስትር ይናገራል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ከእኛ የሚለዩት በደቂቃ ብዛት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሶማሊያህ። ቅደም ተከተሉን እየው። ሰዉ መርገፍ የጀመረው ከ1992 ክረምት በፊት ነው። ያኔ የአሜሪካ ጣቢያዎች ነገሬም አላሉትም። ኦገስት 14 ላይ የቡሽ መንግሥት እህል በአውሮፕላን አጓጉዛለሁ ብሎ አወጀ። ካሜራው በብዛት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የዜናውን ቁጥር ቀን በቀን የቆጠሩ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያገኙት ይሄንኑ ነው፦ ባለሥልጣን ሲንቀሳቀስ ዜናው ይበዛል፣ ባለሥልጣን ዝም ሲል ዜናውም ዝም ይላል። ያው ዓመት ደቡብ ሱዳንም ረሃብ ነበር። የደቡብ ሱዳንን የሚያስታውስ አለ?

ቡሽ ደግሞ በኖቬምበር ምርጫ ተሸንፎ ሻንጣውን እያሰረ ነበር። ቦስኒያ ግቡ የሚል ጩኸት ነበረበት። ጄኔራሎቹ ቦስኒያን ፈሩ፣ ሶማሊያ ቀላል መሰለቻቸው። ምስሉ ረድቷል፣ አልክድም። ግን በሩን የከፈተው ሌላ ሰው ነው።

አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ አይተሃል አይደል? ጀልባው ሳይጠጋ አይሰበሰቡም። ተሰብስበው ስላየሃቸው ዓሳውን ያወጡት አባ ኮዳዎቹ ናቸው ትላለህ?

ባጃጅ ሾፌር (3፡04)

አባ ኮዳ 😂😂 ጋዜጠኛ ራሱን እንዲህ ሲሰድብ መጀመሪያዬ ነው።

የታቦር ልጅ (3፡11)

እሺ፣ መግቢያውን በግማሽ ልቀበልህ። መውጫውንስ ምን ትለዋለህ? ያ ፎቶ ባይኖር ክሊንተን በአራት ቀን ይወጣ ነበር?

ሬዲዮኛው (3፡25)

መውጫው ላይ ያንተ ክርክር ይሻላል። ግን አንድ ነገር ጨምርበት። በዚያው ዓመት ጁን 5፣ እዚያው ሞቃዲሾ፣ 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ከ18 ይበልጣል። ማንም ጠቅልሎ አልወጣም። እንዲያውም የጸጥታው ምክር ቤት በማግስቱ የሶማሊያውን የጦር አበጋዝ አይዲድን አሳዳችሁ ያዙ የሚያሰኝ ውሳኔ አሳለፈ፣ ጦርነቱ ከዚያ ባሰ። ስለዚህ ጥያቄው ምስል አለ ወይስ የለም ብቻ አይደለም። የማን ሬሳ ነው፣ ምስሉን የሚያየው የማን መራጭ ነው?

ሌላም አለ። መንግሥት የሚያደርገውን ሲያውቅ አንድ ፎቶ አያስበረግገውም። ያኔ ዋሽንግተን ለምን ሶማሊያ እንዳለች ራሷም አታውቅም ነበር፣ ኮንግረሱ ከፎቶው በፊትም ያጉረመርም ነበር። ፎቶው የገባው በተከፈተ በር ነው። ይልቅ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። በሁለተኛው ወር፣ በዲሴምበር፣ ያው ሲታደን የነበረውን አይዲድን ለሰላም ንግግር አዲስ አበባ ያመጣው የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ነው። ያንን ስንት ሰው ያውቃል? ሬሳው ተጎተተ እንጂ ሰውዬው በክብር መብረሩ ዜና ሆኖ አልሰነበተም።

ወይዘሮ ኮረም (3፡40)

ሬዲዮኛው፣ በአባ ኮዳህ አልስማማም። እኔ የተወለድኩት ኮረም ነው። ሐዋሳ የገባሁት በትዳር ነው። በዚያ በ77ቱ ረሃብ ካሜራ ባይመጣ ኖሮ የእኛ ቤት ነገር ያበቃለት ነበር።

የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. (እኔ በራሳችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) መጋቢት ላይ ለጋሾችን ሰብስቦ ሰው ሊያልቅ ነው ብሎ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው። ደርግ ራሱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ ላይ ነበር፣ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዲሄድ አልፈለገም። በዓሉ ካለፈ በኋላ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ገቡ። ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ታየ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላን እህል ሊያመላልስ አገራችን ገባ። የሶቪየት አንቶኖቭም ያንኑ ሰማይ ይበር ነበር። በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን! የታቸር መንግሥት ለደርግ ደግ ልብ ኖሮት ነው? አይደለም። ያንን ሌሊት ያየ ሕዝብ አላስተኛቸው ብሎ ነው።

እናቴ የምታስታውሰው ካሜራውን አይደለም። ጠዋት ጠዋት ብርዱን ነው። ኮረም ደጋ ነው፣ ሰዉ ከረሃቡ በላይ በብርዱ ያልቅ ነበር ትላለች። «ፈረንጆቹ መጥተው ሄዱ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ መጣ» ነው የምትለው። ለእሷ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

መሐመድ አሚን ያኔ ያተረፈውን ሰው የሚቆጥር የለም። ኋላ በ1983 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እጁን አጣ። በ1989 ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው አውሮፕላናችን ውስጥ ነበር። ነፍስ ይማር።

ሬዲዮኛው (3፡52)

እህቴ፣ ይሄን አልከራከርም። እንዲያውም ለእኔ ትምህርት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ አውሮፕላኑ የመጣው እህል ይዞ ነው። ጦርነቱን የሚያስቆም ግን አንድ ሰው አልመጣም። ካሜራ እህል ማስመጣት ይችላል፣ ፖለቲካውን መንካት ግን ይከብደዋል።

ወይዘሮ ኮረም (3፡54)

እሱ ልክ ነህ። ጦርነቱ ሌላ ስድስት ዓመት ተኩል ቀጠለ።

ደጃፍ22 (4፡02)

ዋናውን ትታችሁ ስለ ድሮ ታወራላችሁ። ዛሬ እዚህ አገር ውስጥ ያለውን ለምን አታነሱም? ለምሳሌ [በአወያይ ተቆርጧል]

አወያይ (4፡06)

ወንድማችን፣ ስለ አገር ውስጥ ግጭት ሌላ ክር አለ፣ እዚያ ጻፍ። እዚህ ከገባ ነገ ጠዋት ሦስት መቶ ኮመንት ሳነብ ነው የምውለው። ቀጥሉ።

የአቶቴ መምህር (4፡30)

ዘግይቼ ገባሁ፣ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ሁላችሁም ሞቃዲሾ ሄዳችኋል። ከሁሉ የሚገርመው ግን የራሳችን ነው፣ ያውም ቴሌቪዥን ሳይኖር።

1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ወሮናል። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን ቆርሰው ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ አወጡ። በምትኩ ለእኛ የታሰበልን በአሰብ በኩል ወደ ባሕር የምትወጣ ቀጭን መንገድ ነበረች። ዕቅዱ ሳይታወጅ ለፈረንሳይ ጋዜጦች ሾለከ። እንግሊዝ ውስጥ ሰዉ ግልብጥ ብሎ ተቆጣ። የፓርላማ አባላት በደብዳቤ ተጥለቀለቁ። ታይምስ ያቺን መንገድ «የግመል መተላለፊያ» ብሎ አላገጠባት። ሆር በዲሴምበር 18 ሥልጣኑን ለቀቀ። ዕቅዱም ሞተ።

ልብ በሉ፣ ይሄ ወሬ ብቻውን የታላቅ መንግሥት የውጭ ፖሊሲ የገለበጠበት ቀን ነው። የታቦር ልጅ፣ ከሞቃዲሾ ይልቅ ይሄን ብታነሳ ያዋጣህ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልንገራችሁ። አዳነን ወይ? አላዳነንም። ነዳጅ የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ላይ በጣለው ማዕቀብ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይ አልተዘጋም። የጣሊያን መርከብ ወታደርና የመርዝ ጭስ ጭኖ በዚያው አለፈ። ጆርጅ ስቲር የሚባል የታይምስ ጋዜጠኛ የጭሱን ነገር ጻፈ፣ ሰዉ አነበበ፣ አዘነ። ንጉሡ ታይም መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ የመረጣቸው በዚያው በ1935 ነው። ፎቷቸው በዓለም ዞረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የመጽሔት ሽፋን ጥይት አይመክትም።

ሰኔ 23 ንጉሡ ጄኔቫ ላይ ማኅበሩ ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ ያፏጩባቸው እነማን ነበሩ? የጣሊያን ጋዜጠኞች። ከላይ ከጋዜጠኞች ቦታ ሆነው። (ሬዲዮኛው ይቅርታ፣ ታሪክ ነው።) በቀናት ውስጥ ማዕቀቡን የሚያነሳ ድምፅ ተሰጠ።

ለእኔ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፦ ዜና አሳፋሪ ነገርን ማስቆም ይችላል። ከባድ ነገርን ማስጀመር ግን ሌላ ነው። ለማስቆም መጮህ ይበቃል። ለማስጀመር ወታደር፣ ገንዘብና ሊሞት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ያስፈልጋል። በ1943 ዓ.ም. የእኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በየትኛው ካሜራ ነው? በየትኛውም። ንጉሡ የጄኔቫውን ፉጨት ስላልረሱ ነው።

ሬዲዮኛው (4፡38)

መምህር፣ ፉጨቱን ተቀብያለሁ። 🙏

ጡረተኛው አስር አለቃ (ማለዳ 12፡50)

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ጽሑፍ ላይ እምብዛም ነኝ። የምትተይበው የልጅ ልጄ ናት።

እኔ በ1986 ዓ.ም. ነሐሴ ሩዋንዳ ከዘመቱት ስምንት መቶ ገደማ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። የገባነው ደቡብ ምዕራብ፣ ቻንጉጉ የሚባል አገር ነው፣ ፈረንሳዮቹ ለቀው ሲወጡ። ኪቩ ሐይቅ ዳር ነው። የመጀመሪያ ቀን ሐይቁን ሳይ ሐዋሳ መጣችብኝ፣ ግን ያኛው በጣም ሰፊ ነው፣ መጨረሻው አይታይም። የእኛ ሐይቅ የእሱ ልጅ ነው የሚመስለው። ውኃው ዳር ሕፃናት አልነበሩም። እኛ ጋ ሐይቅ ዳር ልጅ አይጠፋም። እሱ ነው እስካሁን የማልረሳው።

ከሐይቁ ማዶ በሰሜን ጎማ አለ። በዚያ ክረምት የዓለም ካሜራ ያለው እዚያ ነበር። ስደተኛው ተሻግሮ ኮሌራ ገብቶበት ሰው በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። የአሜሪካ ጦር ሳይቀር ውኃ ሊያጣራ መጣ። ከስደተኛው መሀል ግን ቆንጨራውን ይዘው የነበሩትም አሉ። በሚያዝያና በግንቦት ለታረዱት ያልመጣ ካሜራ በሐምሌ ለሸሹት መጣ።

ኋላ አንብቤ ነው የገባኝ። የዘር ማጥፋቱ እርድ ሲጀመር አገሩ ውስጥ 2,500 ገደማ ሰላም አስከባሪ ነበር። አሥር የቤልጂግ ወታደር ተገደለ፣ ቤልጂግ ወጣ። የውጭ ዜጋ በአውሮፕላን ተነሳ፣ አብዛኛው ጋዜጠኛም አብሮ ተነሳ። የቀረው ጋዜጠኛ ደቡብ አፍሪካ የማንዴላን ምርጫ ሊያይ ሄዷል። የጸጥታው ምክር ቤት ኤፕሪል 21 ቀን ኃይሉን ወደ 270 ቀነሰ። ስለ ሞቃዲሾ የጻፋችሁትን ሁሉ እዚህ ላይ አስቡት። ያ ሬሳ ሲጎተት ያዩ ሰዎች ናቸው ኒውዮርክ ላይ ሩዋንዳን «አይሆንም» ያሉት። ከስድስት ወር በኋላ ነው እኮ። አንድ ፎቶ ሞቃዲሾ ተነስቶ ኪጋሊ ላይ ገደለ ብል አልዋሸሁም።

እኛ የደረስነው ለቀብር ነው።

ስለ ዜና ካነሳችሁ፣ እዚያ አገር የገደለውም ሬዲዮ ነው። ሚል ኮሊን የሚባል ጣቢያ። ስም እየጠራ፣ የመኪና ታርጋ እየነገረ፣ እገሌ እዚህ ተደብቋል ይል ነበር። አሜሪካኖቹ ከአየር ላይ አፍኑት ሲባሉ ወጪ አሰሉ፣ ለአንድ የበረራ ሰዓት 8,500 ዶላር ወጣ፣ ተዉት። (አያቴ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ። ሻይ ላምጣላቸው። መጣሁ። ተያቢዋ)

ተመለስኩ። ማታ ማታ አንድ ጓዳችን ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው። ባትሪው ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ማታ ሃያ ደቂቃ ይሠራል። ዶቼ ቬሌ አማርኛውን እንከፍታለን። አሥራ አምስት ሰው አንዲት ሬዲዮ ከቦ። ስለራሳችን ለመስማት ነው፣ መቼ እንደምንመለስ። ስለ ጎማ ያወራል። ስለ ቡጁምቡራ ያወራል። ስለ ቻንጉጉ አንድ ቀን አልሰማሁም። ባትሪው ያልቃል፣ እንተኛለን።

ባጃጅ ሾፌር (ጠዋት 1፡20)

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ተሳፋሪ «አትሄድም ወይ» እስኪለኝ ድረስ።

የቤቢ እናት (3፡05)

አስር አለቃ፣ የባትሪውን ነገር ሳነብ አለቀስኩ። የእኔ ባለቤት አብዬ ነበር። እኔ በሬዲዮ ሳይሆን በፌስቡክ ነው የተቃጠልኩት።

አብዬን የማያውቅ ካለ፣ ሁለቱ ሱዳኖች የሚጣሉባት ቦታ ናት። በጁን 2011 አዲስ አበባ ላይ ተስማሙ፣ በሳምንቱ የጸጥታው ምክር ቤት 4,200 ወታደር ፈቀደ፣ ከሞላ ጎደል በሙሉ የእኛ ልጆች ነበሩ። ካሜራ የጮኸበት ነገር አልነበረም። ጎረቤት ነን፣ ሁለቱም ወገን አመነን፣ ተላክን። እስከ 2022 እኛ ያዝነው። እስቲ ባለፉት ዓመታት በቴሌቪዥን ስለ አብዬ ያየ እጁን ያውጣ።

በተሰማሩ በሁለተኛው ወር፣ ኦገስት 2፣ መኪናቸው ፈንጂ ረገጠ። አንዱ ወዲያው ሞተ። ሦስቱ ቆስለው ሄሊኮፕተር ሲጠብቁ ሞቱ። ተመድ ያኔ እንደተናገረው ካርቱም የበረራ ፈቃድ አልሰጠችም ነበር። አራት ሰው። ዓለም አልሰማም። ሬዲዮኛው «የማን ሬሳ ነው» ያልከው እዚህ ጋ ይምጣ።

ባለቤቴ የሄደው ከዚያ ዓመታት ቆይቶ ነው። አንድ ማታ ልጄን እያስተኛሁ ጎረቤቴ ስክሪንሻት ላከችልኝ። አንድ ትልቅ ገጽ «በአብዬ ሠራዊታችን ላይ ከባድ ጥቃት» ብሎ ለጥፏል። ፎቶው የተቃጠለ ፒክአፕ። ደወልኩ፣ ጥሪ አይቀበልም። በዋትስአፕ ጻፍኩ፣ አንድ ምልክት ብቻ። ሌሊቱን ሙሉ ያቺን አንድ ግራጫ ምልክት እያየሁ አደርኩ። የሚመለከተው ቦታ ስንደውል «አትረበሹ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ እናሳውቃለን» ነው የሚሉት። በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ መጣና «ቤቢ እንዴት ናት» ብሎ ጻፈ። ምንም የሆነ ነገር የለም። ፎቶውም የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ሆኖ ተገኘ። ገጹ አላጠፋውም፣ ይቅርታም አላለም። ስምንት መቶ ሼር ነበረው።

መንግሥት ሳይናገር ዝም ሲል ቦታው ባዶ አይቀርም። የሆነ ሰው ይሞላዋል። እኔ ለፖሊሲው አላውቅም። ለሚስት ግን ይሄ ነው ዜና ማለት።

ሬዲዮኛው (3፡30)

እህቴ፣ እኛም ጋ ጥፋት አለ። አብዬ ያለ ወታደር ቤተሰብ ከተማችን ውስጥ ሞልቷል፣ ግን አንድም ቀን ማይክ ይዘን አንኳኩተን አናውቅም። ያው «ድምፅ ያለው» ስንፈልግ። ይሄን ለራሴ ነው የጻፍኩት።

ቁጥሩን ግን ሰዉ ይወቀው። በፈረንጅ ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ኢትዮጵያ ለተመድ ወታደር በማዋጣት ከዓለም አንደኛ ነበረች፣ ከስምንት ሺህ በላይ። ካሜራው የሚወስደው የፈረንጅ ጦር ሲመጣም በጩኸት ነው፣ ሲሄድም በጩኸት። ካሜራው ሲነሳ የሚቀረው የእኛ፣ የሩዋንዳ፣ የባንግላዴሽ፣ የኔፓል ልጅ ነው።

የታቦር ልጅ (6፡10)

ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሐሳቤን ቀየርኩ። አንድ ነገር ግን አሁንም አለቅም። የቦስኒያዋ ሳራዬቮ። ማርካሌ የሚባለው ገበያ በፌብሩዋሪ 1994 በመድፍ ተመትቶ 68 ሰው ሞተ፣ ኔቶ ወዲያው ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በኦገስት 28 ቀን 1995 ያው ገበያ ተመታ፣ 43 ሞተ። በሁለት ቀን ኔቶ ቦምብ ጀመረ። ይሄስ?

የአቶቴ መምህር (6፡45)

በሁለቱ መሀል ምን አለ? ስሬብሬኒሳ፣ እዚያው ቦስኒያ ያለች ከተማ። ጁላይ 1995፣ ስምንት ሺህ ገደማ ወንዶች። በሆላንድ ሰላም አስከባሪዎች ዓይን ፊት ተወስደው ተገደሉ። በዚያን ሰዓት ግን የግድያው ቪዲዮ በየቤቱ አልነበረም። የኔቶ አገሮች ስሬብሬኒሳ ከወደቀች በኋላ በሐምሌ ለንደን ላይ ተሰብስበው ቀጣዩ ጥቃት ከመጣ እንመታለን ብለው ነበር። ማርካሌ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገበያው ክብሪቱ ነው፣ ማገዶው ተከምሮ ቆይቷል።

ባጃጅ ሾፌር (7፡15)

እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። አሁን ካሜራ በሁሉም ኪስ ውስጥ ነው። ሱዳን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ እየነደደ ነው። ዳርፉር ውስጥ ኤል ፋሸር ላይ ገዳዮቹ ራሳቸው እየቀረጹ ለጠፉት እኮ። ቲክቶኬን ስከፍት ይመጣብኛል። ሰውዬው «ሳምንት ከታየ ሰላም አስከባሪ ይገባል» ብሎ ነበር። ስንት ሳምንት ሆነው?

የታቦር ልጅ (7፡18)

...

ሬዲዮኛው (7፡40)

ዳርፉር ላይ የተመድና የአፍሪካ ኅብረት ጥምር ኃይል ነበር፣ 26 ሺህ የተፈቀደለት። የእኛም ልጆች ነበሩበት። የተፈቀደው በፈረንጅ 2007 ነው፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ ተማሪው፣ አክተሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ስለ ዳርፉር ይጮህ ነበር። ተልዕኮው ያበቃው በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው። ሲዘጋ ምን ያህል ዜና ተሠራለት? እኔ ራሴ ያነበብኩት በአንድ መስመር ነው፣ ከስፖርት በፊት።

ቪዲዮ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በ1977 ዓ.ም. አንድ ዘገባ ነበር፣ ሁሉም ያንኑ አየ፣ በማግስቱ ያንኑ አወራ። አሁን ሁሉም የየራሱን ነው የሚያየው። ያንተ ስልክ ኤል ፋሸርን ያመጣልሃል፣ የጎረቤትህ ስልክ ዝላይ የሚማር ውሻ ያመጣለታል። ሚኒስትሩን ማን ይጠይቀው?

ቆሮሶ (7፡44)

ውሻው የእኔ ስልክ ላይ ነው። ማን ነገረህ?

የታቦር ልጅ (8፡05)

ሰውዬውን ቅዳሜ ካገኘሁት ይሄን ክር አሳየዋለሁ። ሾርባው በእኔ። አስር አለቃም ከፈቀዱ ቢመጡ ደስ ይለናል።

የቤቢ እናት (8፡20)

አስር አለቃ፣ አንድ ልጠይቅዎት። ያኔ ስልክ የለም፣ ሬዲዮውም ስለ እናንተ አያወራም። እርስዎ በሕይወት እንዳሉ እናትዎ በምን አወቁ?

ጡረተኛው አስር አለቃ (ማታ 1፡30)

ደብዳቤ ጽፌ ነበር ልጄ። ደህና ነኝ፣ ሐይቅ ዳር ነው ያለሁት፣ ምግቡም ጥሩ ነው ብዬ። ምግቡ ጥሩ አልነበረም።

ደብዳቤው የደረሰው እኔ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ አምጥታ ለእኔው ሰጠችኝ። «አንብብልኝ፣ ከልጄ ነው» አለች። እኔው ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። «እሰይ፣ ደህና ነው» ብላ አመሰገነች።

(ተያቢዋ ነኝ። ደብዳቤው አሁንም አለ፣ ሣጥን ውስጥ ነው።)